የክርስትና ልብስ በሐዋሳ፦ የሱቁ ሳቲን ወይስ የሸማኔው ጥጥ?

ሐዋሳ ውስጥ ሱቅ ላይ ተሰቅሎ የሚሸጠው የክርስትና ልብስ ሲያዩት ያጓጓል፤ የሚያብረቀርቅ ሳቲን፣ ኮፍያና ጫማ፣ ሪባን የታሰረበት ሻማ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ለምታስጠምቁ ግን ምክራችን አንድ ነው፤ ጊዜ ካላችሁ ሸማ ገዝታችሁ አሰፉ።

የሱቁ ልብስ ችግሩ አንገቱ ላይ ነው። እስከ ጉሮሮ የተዘጋ፣ ከኋላ በዚፕ የሚቆለፍ ነው። በላቲኑ (በሮም) የካቶሊክ ሥርዓት ደግሞ ካህኑ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው በፊት የሕፃኑን ደረት በንዑሰ ክርስቲያን ዘይት (ለጥምቀት በሚዘጋጁ ላይ በሚቀባው ቅዱስ ዘይት) ይቀባል። አውራ ጣቱን ዘይት ነክሮ ሲጠብቅ እናት ልጇን ገልብጣ ዚፕ ትፈታለች፤ ልቅሶው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ውሃው ሦስት ጊዜ ራሱ ላይ ይፈስሳል፣ አናቱም ቅዱስ ሜሮን ይቀባል። ኮፍያው እንቅፋት ብቻ ነው። ነጩ ልብስ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለሆነ፣ ከቤት ለብሶት የመጣ ልጅ ምልክቱ ይቀርበታል። ከፊት የሚቆለፍ ቀለል ያለ ልብስ አልብሳችሁ አምጡት፤ ነጩ ሰዓቱ ሲደርስ ከላይ ይደረብለት።

የምታሰፉት ልብስ እንግዲህ ሰፊ፣ ከፊት እስከ ታች የሚከፈት፣ በጨርቅ ማሰሪያ የሚታሰር ይሁን። ለሦስት ወር ልጅ 2 ሜትር ሸማ ይበቃል። ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከደረቱ ዙሪያ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ከውስጥ ሌላ ልብስ አለና። ሸማውን ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቡት። ጥጥ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ብብቱ ጋ ይይዛል። ወርቃማ ክር ያለበት ጥበብ አንገቱ አካባቢ አይግባ፣ ቆዳ ይፍቃል፤ ጠርዙ ላይ ሲሆን ግን ያምራል። በሐዋሳ ሙቀት ሙሉ ቅዳሴ የሚቆይ ልጅ በሳቲን ውስጥ ያልበዋል። ሜሮን ደግሞ የወይራ ዘይትና በለሳን ነው፤ ጥጥ ላይ ቢያርፍ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይችላል፣ ሳቲን ግን ሙቅ ውሃ አይወድም።

ሻማውን ለብቻው ግዙ። አብሮ የሚሸጠው ቀጭን ነው፣ የጨርቅ አበባውም ለእሳቱ ይቀርባል። ከትንሣኤው ሻማ (ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሚበራው ትልቅ ሻማ) ተለኩሶ እጅ ላይ የሚቆይ ስለሆነ ወፈር ያለ፣ ሪባኑ ታች የታሰረ፣ ሰሙን የሚይዝ ወረቀት ያለው ይሻላል። ጧፍ ቶሎ ያልቃል።

ልብሱን ብዙ ጊዜ የክርስትና እናት ትገዛለች። ደግ ልማድ ነው፤ አበልጅ በአቅም ሲመረጥ ግን ያሳዝነናል። ከመግዛቷ በፊት መስፈርቱ ይታይ፦ 16 ዓመት የሞላት፣ ቆራቢ፣ ምሥጢረ ሜሮን (በላቲኑ ሥርዓት ከጥምቀት በኋላ ለብቻው የሚሰጠውን) የተቀበለች ካቶሊክ። ወላጅ ለልጁ አይሆንም። አንድ አበልጅ ይበቃል፤ ሁለት ከሆኑ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ኦርቶዶክስ ዘመድ ከካቶሊክ አበልጅ ጋር ሆኖ ክርስትና ማንሳት ይችላል። ፕሮቴስታንት አጎት ከካቶሊክ አበልጅ ጎን በምስክርነት ይቆማል። እንዲህ የተቀላቀለ ቤተሰብ በከተማችን ብዙ ነውና፣ ይህን አስቀድማችሁ በክብር ንገሯቸው፤ በዕለቱ መዝገብ ላይ ሲሰሙት ቅር ይላቸዋል።

አበልጁ ከሌላ ቁምስና (ሰበካ) ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ በግእዝ ሥርዓት (በምሥራቃዊው የካቶሊክ ሥርዓት) የተጠመቀ ሰው ሜሮንን ከጥምቀቱ ጋር ስለተቀበለ የተለየ የሜሮን ወረቀት ላይኖረው ይችላል፤ የጥምቀት ማስረጃውን ይያዝ። ደብዳቤው ሳይደርስ ቀን ተቆርጦ ድግስ የሚሰናዳበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ የወላጆች ትምህርት፣ ቀጥሎ የአበልጅ ወረቀት ይጠናቀቅ፤ ሸማው የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ፣ ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ፋሲካ ከቀረበ አንድ ሳምንት ጨምሩ፤ ሰፊዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል።