በፍልሰታ ካንየን ደ ሼይ ላስጎበኙን የናቫሆ አባት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ቬጋስም ሆነ ፊኒክስ ያላችሁ፣ በመኪና ወደ በረሃ የመውጣት ሐሳብ ካላችሁ ይህችን አንብቡልኝ። እኔና ባለቤቴ ከቬጋስ ተነስተን አሪዞና ውስጥ ያለውን ካንየን ደ ሼይ የሚባል ገደላማ ሸለቆ አይተን ተመለስን። ያስጎበኙንን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይከብደኛል። ናቫሆ ከሚባለው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ናቸው፣ በዕድሜ አባቴን ይሆናሉ፣ ቤተሰባቸው እዚያው ሸለቆው ውስጥ በቆሎ ያርሳል። እኛ "ጋሼ" ስንላቸው ስለሰነበትን እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ቦታው እንደ ግራንድ ካንየን ሰው አይበዛበትም። በፈረንጅ ከ1931 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ይጠበቃል፣ መሬቱ ግን የናቫሆ ሕዝብ ነው፣ ዛሬም ታች የሚኖሩና የሚያርሱ ቤተሰቦች አሉ። ከላይ ገደሉ አፋፍ ላይ በመኪና መዞር ነጻ ነው። ስፓይደር ሮክ የሚባለውን ከ700 ጫማ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀይ ድንጋይ ከዚያ ታዩታላችሁ። ሸለቆው ውስጥ ለመግባት ግን የናቫሆ አስጎብኚና ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱንም የጨረሱልን ጋሼ ናቸው።

የተቀጣጠርነው ከሰዓት በኋላ ነበር። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ብሏል። ጋሼ ግን ወደ ምሥራቅ፣ ቹስካ ተራሮች ላይ የተቆለለውን ደመና ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ዛሬ አንወርድም" አሉ። ባለቤቴ ከ400 ማይል በላይ ነድቶ መጥቶ ስለነበር ፊቱ ተለወጠ። እሳቸው አልተቆጡም፣ አልቸኮሉም፣ ጥላ ስር አስቀምጠው አስረዱት፤ የሸለቆው ውሃ የሚነሳው ከእነዚያ ተራሮች ነው፣ በነሐሴ ደግሞ እዚያ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ እዚህ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል፣ ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ መሸሻ የለም። ከፈለጋችሁ ገንዘባችሁን ልመልስ፣ ካልሆነ ነገ ጎህ ሲቀድ እንወርዳለን፣ ጭማሪ አልጠይቅም አሉን። አመሻሽ ላይ ከአፋፉ ቁልቁል ስናይ ቀን ደረቅ አሸዋ የነበረው መውረጃ በቡናማ ውሃ ተሞልቷል። ባለቤቴ እጃቸውን ይዞ ነው ያመሰገናቸው። ገቢያቸውን ትተው የእኛን ሕይወት ያስቀደሙ ሰው ናቸው።

በማግስቱ ውሃው ጎድሎ ወረድን። መንገዱ ዓለት የተፈለፈለበት ጠባብ ቦታ አለው፣ ከፍታ የሚፈራ ሰው ይቸገራል፣ እኔ እፈራለሁ፣ ጋሼ በትራቸውን ሰጥተውኝ ከፊቴ ከፊቴ ወረዱ። ታች ዓለቱ ላይ በፈረስ የመጡ የስፔን ሰዎች ሥዕል አሳዩን። ከዚያ ከእህታቸው ማሳ ዳር የኮክ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን የ1864ን ነገር ነገሩን። ኪት ካርሰን የሚባል የአሜሪካ ጦር መኮንን ወታደሮች መጥተው እህሉን አቃጠሉ፣ የኮክ ዛፎቹን ቆረጡ፣ ሕዝቡንም በእግር እየነዱ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቦስክ ሬዶንዶ ወደሚባል ማጎሪያ ወሰዱት፣ በመንገድም እዚያም ብዙ ሰው አለቀ፣ በ1868 ውል ተፈርሞ ነው የቀሩት ወደ አገራቸው የተመለሱት። ይህንን መጽሐፍ ላይ ማንበብና እዚያው መሬት ላይ ከተወላጁ አፍ መስማት አይገናኝም።

አሁን ወደ ምግቡ። ፍልሰታ ላይ ነበርን፣ ስንደውልላቸውም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አንበላም ብለናቸው ነበር። እኔ ፍሬ ይዘን እንውላለን ብዬ ነበር ያሰብኩት። ለካ ለእህታቸው ነግረዋቸው ኖሯል! ሰማያዊ በቆሎ ዱቄት ከጥድ ቅጠል አመድ ጋር በውሃ የተገነፋ ቀረበልን፣ የእኛው ገንፎ በሉት፣ ቀለሙ ብቻ ወደ ግራጫ ይሄዳል። አመዱ ካልሲየም ይሰጣል፣ ጣዕሙም ደስ ይላል። ዱባና ቦሎቄ ወጥ ነበረ። ፍራይ ብሬድ የሚሉት ጥብስ ቂጣ ብዙ ጊዜ በስብ ይጠበሳል፣ ሊጡ ውስጥም የወተት ዱቄት የሚጨምሩ አሉ፣ እህታቸው ግን ለእኛ ብለው ለብቻ ያለ ወተት አቡክተው በአትክልት ዘይት ጠበሱልን። ቂጣውም የመጣው ከዚያው ከስደቱ ዘመን ነው፣ መንግሥት ከሚያድለው ዱቄትና ስብ። የማያውቁንን ሰዎች ጾም እንዲህ ሲያከብሩልን አልቅሼ ነበር።

የምትሄዱ ከሆነ፦ የናቫሆ አገር በሰመር (በአሜሪካ በጋ) ሰዓቱን ስለሚቀይር ከቬጋስም ከፊኒክስም አንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ። መጠጥ ክልክል ነው፣ መኪና ውስጥም አትያዙ። ሰውና ቤት ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ቤንዚን ባገኛችሁበት ሙሉ፣ ውሃ አብዝታችሁ ያዙ።

የጋሼን ቁጥር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ስትደውሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የእህታቸው ምግብ ዋጋ ለብቻ ነው የሚከፈለው፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ጋሼ፣ እርስዎም እህትዎም እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ልጃችን ይህን በእንግሊዝኛ ያነብልዎታል።