ሴፋሪያ፦ የጥንት አይሁድ ኦሪትን እንዴት እንደተረኩት ማየት ለሚፈልግ ሰው

ሴፋሪያ በነፃ የሚከፈት የአይሁድ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ነው። በድረ ገጽም በስልክ መተግበሪያም ይሠራል። ዕብራይስጡና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይታያሉ። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ቁጥር ስትነኩ፣ ያንን ቁጥር ያብራሩና የጠቀሱ ጽሑፎች ከጎኑ ይዘረገፋሉ።

ዘፍጥረት 22ን ክፈቱና ሞክሩት። አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ይወጣል፤ ይስሐቅ ግን ስንት ዓመቱ ነው? ሲታሰር ምን አለ? ኦሪቱ አይነግረንም። በሬሺት ራባ የተባለው ጥንታዊ ሚድራሽ (የአይሁድ መምህራን የመጽሐፍ ትርጓሜና ትረካ) ዕድሜውን 37 ያደርሰዋል። ስሌቱ ደስ ይላል፦ ሣራ በ90 ዓመቷ ወለደች፣ በ127 ዓመቷ ሞተች፣ የሞቷ ዜና ደግሞ ከዚሁ ታሪክ ብዙም ሳይርቅ ይመጣል። ስለዚህ የታሰረው ሕፃን ሳይሆን ሙሉ ሰው ነው። እንዲያውም ሰውነቱ እንዳይንቀጠቀጥ አጥብቆ እንዲያስረው አባቱን የሚለምነው ራሱ ነው! ፈተናው የአባት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁለቱም ሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ደግሞ ዕድሜውን 25 አድርጎ፣ ይስሐቅ ነገሩን ሲሰማ በደስታ ወደ መሠዊያው እንደሮጠ ይተርካል።

ከሁለቱም የሚቀድመው ኩፋሌ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ። እሱም እዚያው ሴፋሪያ ላይ አለ። የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች ቢገኙም፣ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። ኩፋሌ ታሪኩን የሚጀምረው ከሰማይ ነው። ልክ እንደ ኢዮብ መጽሐፍ፣ የክፉ መናፍስት አለቃ መስቴማ ቀርቦ አብርሃም እንዲፈተን ይጠይቃል። እግዚአብሔር ግን የአብርሃምን ታማኝነት አስቀድሞ ያውቃል። ፈተናው ለሌሎች እንዲገለጥ ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ለምን ይፈትናል ለሚለው ከባድ ጥያቄ እስካሁን ካነበብኩት መልስ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ለጀማሪ የሚከብደው የዘመኑ ብዛት ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ የኖረው የመጽሐፍ ተርጓሚ ራሺ ከእሱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ከሚቀድም ሚድራሽ ጋር በአንድ ቁጥር ሥር ይገናኛሉ፤ ካልተጠነቀቃችሁ ሁሉም የአንድ ሰሞን ሰዎች ይመስሏችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከማንበባችሁ በፊት የመጽሐፉን መግቢያ ገጽ ክፈቱ፤ መቼና የት እንደተጻፈ ባጭሩ ታገኛላችሁ።

እንግሊዝኛ ለሚያነብ፣ በተለይ ለሰባኪያንና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ከዘፍጥረት 22 ቀጥሎ የአብርሃምን ወጣትነት አወዳድሩ። በኩፋሌ በሌሊት ተነሥቶ የጣዖታቱን ቤት ያቃጥላል፣ ወንድሙ ሐራንም ሊያድናቸው ገብቶ ይሞታል። በበሬሺት ራባ ግን የአባቱን ጣዖታት በዱላ ሰባብሮ፣ ዱላውን በትልቁ ጣዖት እጅ ያስይዘዋል፤ አባቱ ሲመጣም በምግብ ተጣልተው ነው ይለዋል።