36 ክሬዲት ሞልቶ ዲግሪው ሲጎድል

በሙያዬ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የክርስቲያናዊ አገልግሎት ማስተርስ ለመማር ስወስን መጀመሪያ ያደረግሁት የኮሌጁን መመሪያ ከፍቶ መደመር ነበር። 36 ክሬዲት፣ ለአንድ ኮርስ 3 ክሬዲት፣ በጠቅላላው 12 ኮርስ። ከሥራ በኋላ በየሴሚስተሩ ሁለት ሁለት ብወስድ በ3 ዓመት እጨርሳለሁ። ድምሩ ልክ ነበር፤ የጨረስሁት ግን በ5ኛው ዓመት ነው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ወቀሳዬም ምስጋናዬም ለብዙዎቹ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች የሚሆን ይመስለኛል።

ቁጥሩን ኮሌጁ ከራሱ አላመጣውም። በሰሜን አሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ማኅበር ለእንዲህ ዓይነቱ ማስተርስ የሚጠይቀው ትንሹ መጠን 36 ነው። ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ የሚባለው፣ ለመጋቢነት የሚያዘጋጀው ረጅሙ ዲግሪ፣ 72 ይጠይቃል። ልዩነቱ እጥፍ ነው። አብሮኝ የጀመረ አንድ ወንድም ቤተ ክርስቲያኑ ለሹመት የምትቀበለው ባለ 72ቱን ብቻ መሆኑን የሰማው አጋምሶ ሳለ ነው። ዲግሪ የሚሰጠው ኮሌጁ፣ የምትሾመው ግን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱ አንድ መዝገብ ላይ አይጻፉም።

ስለ ክፍል ትምህርቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነበር። ዕብራይስጡ ግን አስደስቶኛል። ጓደኞቼ ቃላት በካርድ እየጻፉ ሲሸመድዱ እኔ ዘመዶቼን እያገኘሁ ነበር፦ ባዪት ቤት፣ ሌቭ ልብ፣ ሼም ስም፣ ነፌሽ ነፍስ። ኩራቴ ግሥ እርባታው እስኪጀመር ቆየ። ግሪክኛው ደግሞ ጭራሽ ዘመድ አልነበረኝም።

ያዘገየኝ በመመሪያው ላይ አንዲት መስመር ብቻ የያዘችው «የመስክ ልምምድ» ናት። እንደ ሌሎቹ 3 ክሬዲት ተብላ ተጽፋለች። በውስጧ ያለው ግን በሆስፒታል የሚሰጥ የመንፈሳዊ እንክብካቤ ሥልጠና ነው፤ አንዱ ዙር ቢያንስ 400 ሰዓት። እንደ እኔ ሠራተኛ ሆኖ በሳምንት 10 ሰዓት ለሚሰጥ ሰው 40 ሳምንት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ሌላ ኮርስ መያዝ አልቻልሁም።

ያም ሆኖ ከፕሮግራሙ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው። ሕመምተኛ ጠይቆ መውጣት አይበቃም፤ ከክፍሉ እንደወጡ የተባባሉትን ቃል በቃል ከትዝታ ጽፎ ለአሠልጣኟና ለቡድኑ ማንበብ ያስፈልጋል። አንዲት እናት «ልጄ ከመጣ ሦስት ቀን ሆነው» አሉኝ። እኔም «አይዞዎት እማማ፣ እግዚአብሔር አለ፤ እንጸልይ» ብዬ ጸልዬ ወጣሁ። ጽሑፌን ሳነብ አሠልጣኟ እርሳሷን እዚያች መስመር ላይ አቆመችና «እንጸልይ ያልሽው ለእሳቸው ነው ወይስ ከክፍሉ ለመውጣት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ተመልሼ ገብቼ ስለ ልጃቸው ጠየቅኋቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። ጸሎቱን የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ወቀሳዬ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ሐዘን ላይ ያሉ ምእመናንን ጉባኤያችን እንዴት እንደምትጎበኝ ለማጥናት 9 ሰዎችን አነጋገርሁ። አማካሪዬ ያውቁ ነበር፤ እንዲያውም «በርቺ» ብለውኛል። ጽሑፉን ሳስገባ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ያልፈቀደው፣ ተጠያቂዎቹም የስምምነት ፎርም ያልፈረሙበት ቃለ መጠይቅ ዋጋ እንደሌለው ተነገረኝ። ደንቡ ትክክል ነው፤ ሐዘንተኛን ሳያስፈቅዱ መጽሐፍ ማድረግ ነውር ነው። ግን አንድ ሰው በጊዜው ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ሁሉንም እንደ ገና ጀመርሁ። ሁለቱ ድጋሚ ማውራት አልፈለጉም፤ አልፈርድባቸውም።

በመካከሉም አንድ ሴሚስተር አረፍሁ። የፈቃድ ቅጽ ስላልሞላሁ እንዳቋረጥሁ ተቆጥሮ ስመለስ በአዲሱ መመሪያ ተመዘገብሁ፤ አዲሱ መመሪያ ደግሞ እኔ ያልወሰድሁትን ኮርስ ግዴታ አድርጎ ጠበቀኝ። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ በትሕትና «መመሪያው ላይ አለ» አለችኝ። አለ፤ ገጹን አሳየችኝ።

ለመምህራኑና ለመስክ ልምምዱ ከአምስት አምስት፣ ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ለሚሰጠው የትምህርት ምክር ሁለት ሰጥቻለሁ። ለምትመዘገቡ፦ የቀረባችሁን ግዴታ ሁሉ በአንድ ወረቀት የሚያሳይ የዲግሪ ኦዲት የሚባል ነገር አለ፤ በየሴሚስተሩ ጠይቁት። ኦዲት እንጀራዬ ሆኖ ሳለ እኔ የራሴን የጠየቅሁት በ4ኛው ዓመት ነው።