ኤምኤስፒ430 ከወራት በኋላ፦ መብራት ሲጠፋበት የማይረሳው ቺፕ

ለተማሪዎች ኪዩብሳት (ትንሽ የሳጥን ቅርጽ ያላት ሳተላይት) ዋና ኮምፒውተር እንዲሆን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ኤምኤስፒ430ኤፍአር5969 ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮሰሰሩና ሚሞሪው በአንድ ቺፕ ያሉበት ትንሽ ኮምፒውተር) ስመርጥ ያልሳቀብኝ አልነበረም። 16 ቢት፣ ቢበዛ 16 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 2 ኪሎባይት። «በዚህ ዘመን?» ተባልኩ። ወራት አልፈዋል፣ ቺፑ የሙከራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ቦታውንም ለማንም አልለቅም።

ቆጣቢነቱን አውቄ ነው የገዛሁት፤ ሰዓቱን እየቆጠረ ሲተኛ ከ1 ማይክሮአምፔር በታች ነው የሚስበው። ያልጠበቅኩት ኤፍራሙን፣ ማለትም ኃይል ሲቋረጥም የተጻፈበትን የሚይዘውን ሚሞሪ ነው። በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር ሳተላይት በየ95 ደቂቃው ገደማ ምድርን ሲዞር እስከ 35 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ባትሪው ከደከመ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው እዚያ ነው፣ ብዙ ጊዜም መረጃ እየጻፈ ሳለ። ሚሞሪው የተለመደው ፍላሽ ቢሆን መጀመሪያ ብሎኩን በሙሉ መደምሰስ አለበት፤ መሀል ላይ ኃይል ከሄደ አሮጌውም አዲሱም የለም። ኤፍራም ግን ሳይደመስስ በላዩ ላይ ይጽፋል፤ 64 ኪሎባይቱን ሞልቶ ለመጨረስ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል።

ሙቀት እየመዘገበ ሳለ ገመዱን ነቀልኩበት፤ ስመልሰው ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ካቆመበት ቀጣዩ ነበር። ደጋግሜ ነቀልኩ፤ ያው ነው። አንድ ዘዴ ብቻ ይፈልጋል፦ ዳታውን አስቀድሞ፣ ቆጣሪውን መጨረሻ መጻፍ። ያኔ ግማሽ የተጻፈ መዝገብ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቺፕ ሻጩ አሁን ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ «የማርስ ሄሊኮፕተር እኮ በ2021 የበረረችው በስልክ ፕሮሰሰር ነው፤ ባለ አራት ኮር ውሰድ!» ልክ ነህ ወንድሜ፣ ኢንጀኒዩቲ ስናፕድራጎን 801 ነበራት። ከጎኑ የበረራ ቁጥጥሩን የያዙት ሁለት ማይክሮኮንትሮለሮች ለምን ተረሱ? ጨረርን እንዲቋቋም የተሠራውን የጠፈር ፕሮሰሰር ራድ750ንም አታንሳብኝ። የማርስ ሮቨሯን ኪዩሪዮሲቲን የሚመራው ያ ቺፕ ብቻውን 5 ዋት ገደማ ይበላል፤ የእኔ የ10 ሴንቲሜትር ሳጥን ከፀሐይ የምታገኘው በአማካይ 2 ዋት ቢሆን ነው።

እንከን የለበትም አልልም። ፕሮግራሙም ዳታውም አንድ ኤፍራም ውስጥ ስለሚኖሩ የተሳሳተ ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ) የራሱን ኮድ ሊበላ ይችላል፤ የሚሞሪ መከላከያውን ሳያበሩ መጀመር እብደት ነው። ከ8 ሜጋኸርዝ በላይ ደግሞ ኤፍራሙ ፕሮሰሰሩን ያስጠብቃል። ጨረርም ቢሆን፣ የኤፍራም ሕዋስ ቻርጅ ይዞ ስለማይሠራ የያዘው 0 ወይም 1 በቀላሉ አይገለበጥም እንጂ ራሙና ሬጅስተሮቹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ጊዜያዊ መያዣዎች) እንደማንኛውም ቺፕ ናቸው። ስለዚህ ከውጭ ዋችዶግ (ፕሮግራሙ ሲቆም ቺፑን ዳግም የሚያስነሳ ሰዓት ቆጣሪ)፣ ከውጭ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ከረንት ሲመጣ የሚቆርጥ ሰርኪዩት የግድ ነው። ይህን ጨምሬም ዛሬ ብገዛ ይህንኑ ነው የምገዛው።

ፎቶ ማንሳት የምትፈልጉ ሊኑክስ የሚያሄድ ቦርድ ጨምሩ፤ የቦርዱን ማብሪያ ማጥፊያ ግን ለዚህ ቺፕ ስጡት።