ስታዲየም ዙሪያ ትርጉም ፊልም የምታስጭኑ፣ ተጠንቀቁ

ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ፊልም የሚጭኑ ሱቆች በአንዱ «የወንድማማቾች ቂም፣ ልብ አንጠልጣይ፣ ሙሉ ፊልም» ተብሎ የሚሸጥ ትርጉም ፊልም አለ። ገንዘባችሁን አትስጡ። ሙሉ አይደለም። ታሪኩም ሌላ ነው።

ፊልሙ የካናዳዊው ዛቪየ ዶላን «ቶም አ ላ ፌርም» ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳይኛ የወጣ ነው። ዋናውን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። እህቴ ከስር የሚጻፈውን ማንበብ ስለማትወድ ትርጉሙን አስጫንኩላት።

ዋናው ላይ ቶም የሞተበትን ፍቅረኛውን ሊቀብር ገጠር ይሄዳል። ፍቅረኛው ወንድ ነበር። እናትየው ይህን አታውቅም። የሟቹ ወንድም ፍራንሲስ ግን ያውቃል። ቶምን እየደበደበና እያስፈራራ ዝም ያሰኘዋል፤ ሟቹ ሴት ጓደኛ እንደነበረችው አድርጎ ለእናቱ እንዲያወራላትም ያስገድደዋል።

ትርጉሙ ላይ ሟቹ «አብሮ አደግ ጓደኛ» ሆኗል። ቶም የመጣው ደግሞ «ያበደረውን ብር ሊቀበል» ነው! ሁለቱ ወንዶች ጎተራ ውስጥ ታንጎ የሚደንሱበት ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። ፍራንሲስ በቆሎ ማሳ ውስጥ ቶምን አሳድዶ ሲመታው ተርጓሚው በላዩ ላይ ይቀልዳል። እህቴ «ብሩ ቢቀርበትስ? ለምን አይሄድም?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። ዋናውን ያየ ሰው ግን ለምን እንደማይሄድ ይገባዋል። ሐዘን ላይ ነው። በሚደበድበው ሰው ላይ የሞተበትን ሰው ያያል። ቀስ በቀስ ዱላውን እንደ እንክብካቤ መቁጠር ይጀምራል። ጥቃት ሰውን እንዴት አስሮ እንደሚያስቀር እንዲህ አጥርቶ ያሳየ ፊልም ብዙ አላየሁም። ቆርጠው የጣሉት እሱን ነው። ፍራንሲስ ለእናቱ ውሸት ፈጠረላት፤ ተርጓሚው ደግሞ ለእኛ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ማየት የማይፈልግ ሰው አለ። መብቱ ነው። እሱም ግን ተታሏል፤ ምን እንደገዛ አልተነገረውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ልመልስ ስሄድ ባለሱቁ «ሁሉም የሚሸጠው ይህንኑ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ደረሰኝ አይቆርጡም፤ ስለዚህ ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ?

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አስከፍቱት። ርዝመቱን እዩ፤ ዋናው ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያልፋል፣ እኔ የተሸጠልኝ አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። መሐሉንና መጨረሻውን አስኬዱት። የፊልሙን ትክክለኛ ስም ጠይቁ፤ ካልነገራችሁ ጥላችሁ ውጡ። ፍላሹንም ከእነሱ የምትገዙ ከሆነ መጨረሻ ላይ የተጫኑትን ፋይሎች እየከፈታችሁ ሞክሩ። 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ አንዳንድ ፍላሽ ትክክለኛ መጠኑ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ከሞላ በኋላ የተጫነው ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም።