የካርድ መሥሪያ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ትናንት ማታ ያው ባለፈው ዓመት ያከሠረን የካርድ መሥሪያ ፓኬጅ ማስታወቂያ ቪዲዮ እንደገና ስልኬ ላይ መጣ። ሁለት እጆች ነጭ ካርድ ላይ ማህተም ይጫናሉ። ማህተሙ ሲነሳ አደይ አበባ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከሥሩ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል ጽሑፍ ይከተላል። የቻናሉ ስም ተቀይሯል፤ ዋጋውም ጨምሯል። ቪዲዮው ግን ራሱ ነው፣ የጠረጴዛው ጨርቅ እንኳን አልተለወጠም። ሰው ከታች "እንዴት ነው የማዘው?" እያለ ይጠይቃል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

እንቁጣጣሽ እየቀረበ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ልጆቹን ቤት አስቀምጧቸዋል፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችም ውጤት ይጠብቃሉ። "ቤት ቁጭ ብዬ የምሠራው ነገር ባገኝ" የሚል ሰው የሚበዛው አሁን ነው። ማስታወቂያውም የሚለቀቀው አሁን ነው። እኛን ያገኘን ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር።

የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። እጇ ለሥዕል የተሰጠ ነው። ትንሽ ሳለች የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ፀሐይና መልአክ ሥለው ቤት ለቤት ሲያዞሩ፣ እሷም አበባየሆሽ ጨፍራ ስትመለስ የራሷን ሥዕል ለጎረቤት ታድል ነበር። ቪዲዮውን ያሳየችኝ እሷ ናት። "እትዬ፣ ይህን እኮ እኔ እችለዋለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የቀረበልን እንዲህ ነበር። 52 ዕቃ ያለው ፓኬጅ በ4,800 ብር። የሦስት ቀን ስልጠና በነፃ። የሠራችሁትን ካርድ ደግሞ እኛው እንረከባችኋለን፣ አንዱን በ60 ብር።

ልብ በሉ፣ ሰውን የሚይዘው ይህ የመጨረሻው ነው። ሻጯ ሂሳቡን በድምፅ መልእክት አስረዳችን። "መቶ ካርድ ስትሠሩ ስድስት ሺህ ብር ነው ማሬ። ገበያ ፍለጋ የለ፣ ደንበኛ ልመና የለ። እናንተ ሥሩ ብቻ።" ድምጿ የደግ ሰው ድምፅ ነበር። ከገንዘቡ ግማሹ ልጅቷ ለወራት ያጠራቀመችው ነው። ሙሉውን በቴሌብር ላክን። አድራሻቸውን ስጠይቅ "ቢሮ እየቀየርን ነው" አለችኝ። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ።

ዕቃው በሦስተኛው ቀን በሞተር መጣ። ከፍቼ ልይ ስለው ልጁ "እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ" ብሎ ሄደ። ሳጥኑ ያምራል። ውስጡን ግን ስንቆጥር ከ52ቱ ዕቃ 30ው ተለጣፊ ጌጥ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ያለ ትናንሽ ልብና ኮከብ እያንዳንዱ እንደ አንድ ዕቃ ተቆጥሯል። ማህተሞቹ ላይ አደይ አበባ የለም። አማርኛም የለም። የገና ዛፍ፣ የበረዶ ቅንጣት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልደት ምኞት ነው ያለው። ለእንቁጣጣሽ ካርድ ይህን ምን እናድርገው? ስንጠይቃት "ፓኬጁ ይለያያል" አለችን።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ። ሌላ ቦታም ስትገዙ ይጠቅማችኋልና።

በመጀመሪያ ወረቀቱ። "ባለ 300 ግራም 20 ወረቀት" ተብሎ ነበር። የወረቀት ግራም ማለት አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት የሚመዝነው ነው። አንድ ካሬ ሜትር ደግሞ 16 ኤፎር ይወጣዋል። ስለዚህ የተለመደው ባለ 80 ግራም የፎቶኮፒ ወረቀት አንዱ ኤፎር 5 ግራም ይመዝናል። ባለ 300 ግራሙ ከሆነ አንዱ ወደ 19 ግራም ይጠጋል። ሃያው ወረቀት 375 ግራም ገደማ መምጣት ነበረበት ማለት ነው። ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው 100 ግራም ብቻ ሆነ። ቁርጥ የፎቶኮፒ ወረቀት! በእጅ ስንነካው ጠርጥረን ነበር፣ ሚዛኑ ግን አፍ የሚያስይዝ ማስረጃ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ያላችሁ ይህን በአንድ ደቂቃ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ኤፎር ለሁለት ተቆርጦ ሲታጠፍ የሚወጣው ሁለት ካርድ ነው። ከ20 ወረቀት 40 ካርድ እንጂ 100 አይወጣም። ፖስታውም አሥር ብቻ ነበር። ሻጯ "መቶ ካርድ" እያለች ያሰላችልን፣ ቀሪውን ወረቀትና ፖስታ ከኪሳችን እንደምንገዛ ሳትነግረን ነው። ገዛን። ከ1,500 ብር በላይ ተጨማሪ ወጣ።

ማህተሞቹ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ለስላሳ ናቸው። እንዲህ ዓይነቶቹ የሚያዙት ጥርት ባለ ፕላስቲክ መያዣ ላይ ተለጥፈው ነው፤ መያዣው አልተላከልንም። የሲዲ ክዳን ተጠቀምን፣ ይሠራል። ትልቁ ችግር ግን ማህተሙ ቀለም አለመያዙ ነው። ቀለሙ ላዩ ላይ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል እንጂ እኩል አይቀባም። ርካሽ የሲሊኮን ማህተም እንዲህ ያደርጋል። ፊቱን በላጲስ ደጋግሞ ማሸት ትንሽ ይረዳዋል፣ ቀጭን መስመሮቹ ግን እንደ ጎማ ማህተም ጥርት ብለው አይወጡም።

ቀለሙስ? ሁለት ዓይነት የማህተም ቀለም እንዳለ ያወቅነው ከከሠርን በኋላ ነው። ዳይ የሚባለው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ይደርቃል፤ አብዛኛው ግን ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ብርሃን ላይ ሲቆይም ይደበዝዛል። ፒግመንት የሚባለው ላይ ላዩን ይቀመጣል፣ በክረምት እርጥበት ደግሞ ለመድረቅ ብዙ ይቆያል። የተላከልን ዳይ ነው። ልጅቷ ቅርጹን አትማ በውሃ ቀለም ልትሞላው ስትል ጥቁሩ መስመር ሁሉ ተዘርግቶ ካርዱን አበላሸው። እንዲህ ስምንት ካርድ ሄደ። ስለዚህ አዲስ ቀለም ስትገዙ መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ አትሙ። ይድረቅ። ከዚያ እርጥብ ጣት አሳልፉበት። ከለቀቀ በላዩ ላይ ውሃ ቀለም አይቀባም።

በሙቀት የሚቀልጥ ወርቃማ ዱቄትም ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ታትሞ ገና ያልደረቀ ቀለም ላይ ሲነሰነስና ሲሞቅ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ይሆናል። ስልጠናው "በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት" ይላል። አይሆንም። ሙቀቱ አይበቃም፣ ንፋሱም ዱቄቱን ያበንነዋል። የሚያስፈልገው ሙቀት የሚተፋው ልዩ መሣሪያ ነው። ያ ከሌለ፣ የዱቄቱን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ወረቀቱን ከጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ ይቻላል። በመቆንጠጫ ያዙት፣ ዱቄቱ ሲያብረቀርቅ ወዲያው አንሱት። ይህን ልጆች ብቻቸውን አይሞክሩት።

ስልጠናው የሦስት ቀን ተባለ እንጂ ስድስት አጫጭር ቪዲዮ ነው። የሌላ አገር ሰው የሠራው ነው፤ ጥግ ላይ ያለው የባለቤቱ ስም በአበባ ስቲከር ተሸፍኗል። የኔዋ ልጅ ዋናውን በነፃ ዩቲዩብ ላይ አገኘችው። የሰው ልፋት ሰርቆ መሸጥ ምን ያህል እንደሚያናድድ እጁ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ያም ሆኖ ሠራን። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት። መቶ ካርድ አደረስን። ማጓጓዣውን ራሳችን ከፍለን የመጀመሪያዎቹን አርባ ላክን። በማግስቱ መልስ መጣ፦ "እጥፋቱ የተስተካከለ አይደለም፣ ደረጃውን አያሟላም።" ደረጃው ምንድን ነው? የት ተጽፏል? መልስ የለም። ይልቅ "የላቀ ፓኬጅ" የሚባል እንድንገዛ ተነገረን፣ 3,500 ብር። "እሱን የገዙ ሁሉ ካርዳቸው ተቀባይነት አግኝቷል።" ገንዘባችንን ስንጠይቅ ብሎክ አደረገችን። አርባው ካርድ አልተመለሰም።

የዚህ ንግድ ትርፍ ከካርድ አይደለም፤ ትርፉ ከእኛው ነው። ዕቃውን አስር እጥፍ አስወድዶ የሚያሸጠው "እንረከባችኋለን" የሚለው ቃል ነው። ቃሉ የሚፈርሰው ደግሞ "ደረጃ" በሚባል፣ ማንም አስቀድሞ ባላየው ነገር ነው። ካርድ ይሁን፣ ጌጣጌጥ ይሁን፣ ሻማ ይሁን፣ መጀመሪያ ክፈል፣ ሥራ፣ ከዚያ እገዛሃለሁ የሚላችሁን ሰው አንድ ነገር ጠይቁት። "መሥሪያውን አሁን በዱቤ ስጠኝ፣ ሥራዬን ስትረከብ ዋጋውን ቀንስ" በሉት። በእርግጥ የሚገዛችሁ ከሆነ የሚጎዳው ነገር የለም። የእኛዋ ሻጭ ይህን ቢጠይቋት ምን እንደምትል ትናንት በጓደኛዬ ስልክ አስጠየቅኳት። መልእክቱን አይታ ዝም አለች።

ካርድ መሥራት አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ፓኬጅ አያስፈልገውም ነው የምለው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የምትሠራው ቤት ባለ ነገር ነው፣ ከቪዲዮው አያንስም።

የሚወጣበት ገንዘብ ወረቀቱ ላይ ነው። ወፍራም ወረቀት ከስቴሽነሪ በፍሬ ግዙ፣ ነክታችሁ፣ አጥፋችሁ አይታችሁ። ለውሃ ቀለም ከሆነ ባለ 300 ግራሙ ይሻላል፤ ስሱ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይኮማተራል። ወረቀት አቅጣጫ አለው። በቀስታ በሁለቱም በኩል አጉብጡት፤ ሳይታገላችሁ የሚጎብጥበት በኩል እጠፉት። በተቃራኒው ካጠፋችሁት ጠርዙ ይሰነጠቃል። የእኛ "ያልተስተካከለ" እጥፋት ምስጢሩ ይህ ነበር፣ ስልጠናው ግን አንድ ቃል አላነሳውም። ከማጠፋችሁ በፊት ማስመሪያ አስቀምጡና ቀለሙ ባለቀ ቢክ መስመሩን ጫን ብላችሁ አስምሩ።

ከሥዕሉ ኋላ ለሚታየው መደብ ፌስታል የሚያህል ነገር የለም። ውሃ ቀለሙን በብዛት ቀቡ፣ ገና እርጥብ እያለ የተጨማደደ ፌስታል ጫኑበት፣ እስኪደርቅ አትንኩት። ሲነሳ እንደ ድንጋይ ጅማት ያለ መልክ ይተዋል። በብርቱካንና በቢጫ ስትሠራው የመስቀል ሰሞን ሜዳ ይመስላል። ጨውም እንዲሁ ነው። ቀለሙ እያብረቀረቀ ሳለ ይነሰነሳል፣ ሲደርቅ ይራገፋል፣ በየቦታው ነጣ ያለ ኮከብ ይቀራል። ቀለሙ ሲደበዝዝ ከነሰነሳችሁት ግን ረፍዷል። ደማቅ ቡና የተቀባ ወረቀት ደግሞ ብራና ይመስላል፤ ለሠርግና ለጥምቀት ካርድ የምትጠቀመው እሱን ነው።

ማህተሙን ከድንች ትቀርጸዋለች። ድንቹን ለሁለት ቁረጡ፣ ቅርጹ ግማሽ ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ እንዲቀር ዙሪያውን አንሱ። ፊቱን በጨርቅ አድርቁት፣ ውሃው ቀለሙን ያቀጥነዋልና። ቀለም ውስጥ አትንከሩት፣ በስፖንጅ መታ መታ አድርጋችሁ ቀቡት። ድንች አንድ ቀን ነው ዕድሜው፤ ከላጲስ የተቀረጸው ግን ይቆያል። ፊደል ከሆነ በግልባጭ መቀረጽ አለበት። "እንኳን አደረሳችሁ" የሚለውን ጽሑፍ ማህተም ቀራጭ ዘንድ በጎማ አሠራን። አንድ ጊዜ ይከፈልበታል፣ ለየዓመቱ ያገለግላል፣ ጽሑፉም የራሳችን ፊደል ነው።

አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ አትቆዩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኛ ሦስት ሳምንት ስንቆርጥና ስንለጥፍ ቀኑ አለፈን። እናንተ ሳጥኑን በተቀበላችሁበት ቀን ቁጠሩት፣ ወረቀቱን መዝኑት፣ እያንዳንዱን ፎቶ አንሱት። ማስታወቂያውንና የድምፅ መልእክቱን ከመጥፋቱ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀሩ፤ የእኛዋ ቻናሉን በአንድ ሌሊት ነው የዘጋችው። የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ጻፉ። ጥያቄያችሁን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩ፣ በዚያው ቀን።