በባሕር ዳር የተገለገልሁበት የሰነድ ዝግጅት ቢሮ

በውጭ አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር የሥራ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ዲግሪውን ብቻ ይዞ መቅረቡ አይበቃውም። ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (የአንድ አገር ሰነድ በአንድ ማረጋገጫ ብቻ በሌሎቹ አባል አገሮች እንዲታወቅ የሚያደርግ ዓለም አቀፍ ውል) አባል ስላልሆነች፣ ማስረጃው በአገር ውስጥ ከተረጋገጠ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማኅተም፣ ቀጥሎም የተቀባዩን አገር ኤምባሲ ማረጋገጫ ማግኘት ይኖርበታል። በባሕር ዳር የሚገኘው ይህ የትርጉምና የሰነድ ዝግጅት ቢሮ ቅደም ተከተሉን ከመነሻው አስረድቶኛል።

ከሁሉ በላይ ያረካኝ ጥንቃቄው ነው። ሠራተኛዋ ፓስፖርቴን ከዲግሪው ጎን ዘርግታ ስሜን ፊደል በፊደል ስታመሳክር በአያቴ ስም ውስጥ አንዲት «ኤች» መጉደሏን አገኘችና፣ አንድም ማኅተም ሳያርፍበት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የማስተካከያ ደብዳቤ እንዳመጣ ነገረችኝ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፉትን ቀኖች ወደ ፈረንጆቹ ስትመልስም እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት መጨመሯን ደጋግማ አረጋግጣለች። ዋናውን ዲግሪ በፕላስቲክ እንዳላሳሽገውም አስጠንቅቃኛለች፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋልና።

ስለ ደቡብ ኮሪያ ስጠይቅ፣ የቋንቋ መምህራን የኢ-2 ቪዛ በመሠረቱ ለ7 እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ዜጎች የተወሰነ በመሆኑ በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደማይሆን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ተስፋ የሚሸጡ ደላሎች በበዙበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዋጋ ዝርዝር ግን አልተለጠፈም፣ ደረሰኝም ካልጠየቁ አይሰጥም። ሰነዱ በመልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ በኋላ የት እንደደረሰ ለማወቅ በስልክ መጨቅጨቅ ግድ ስለሚል፣ የኤምባሲ ቀጠሮው የተቃረበበት ሰው ራሱ ይዞት ቢሄድ ይሻለዋል።